የአክስቴ መዝገብ

በመዝገብ ቤት ሥራ ላይ ዐሥራ ሁለት ዓመት ስቈይ ለብዙ ሰው ፋይል ከፍቻለሁ። ስም ከነአባት ስም፣ የቅጥር ቀን፣ የደመወዝ ልክ፣ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ፣ የተሰጠ ምስጋና፣ ሁሉም በየተራው ቍጥር እየተሰጠው በአቃፊው ውስጥ ይገባል። ፋይል የተከፈተለት ሰው ምን ይሰማው ይሆን ብዬ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም ነበር፤ የሥራ ዝርዝሬም ይህን አይጠይቀኝም። ያሳደጉኝን የአክስቴን ፋይል በገዛ እጄ እንድከፍት በታዘዝሁ ጊዜ ግን ብዕሩ ከበደኝ።

ያዘዘኝ የመሥሪያ ቤቴ ኀላፊ ሳይሆን እዚሁ ጅግጅጋ እትዬን የመረመራቸው ወጣት ሐኪም ነው። አክስቴን ቤተ ሰቡም ጎረቤቱም እትዬ ስለሚላቸው እኔም በዚሁ ስም እንድጠራቸው አንባብያን ይፍቀዱልኝ። ሐኪሙ የደም ግፊታቸውን ለካ፤ ዐይናቸውንና ጆሮአቸውን ተመለከተ፤ ጥቂት ጥያቄም ጠየቃቸው። ከዚያ በኋላ ሐረር ወዳለ የአእምሮ ሐኪም የሚመራ ወረቀት ጻፈልን፤ በከተማችን አነጋገር ሪፈር አላቸው። ቀጠሮው የሦስት ሳምንት ነበር። ወደ በሩ ስንደርስ እኔን ብቻ መልሶ ጠራኝና፣ “በነዚህ ሦስት ሳምንታት ያዩትን ሁሉ ይጻፉ፤ ቤት ያለውን መድኀኒት አንድ ሳያስቀሩ በከረጢት ይዘው ይሂዱ፤ ደግሞ አደራዎን መልስ አያስጠኗቸው” አለኝ።

ከሦስቱ ትእዛዝ ሁለቱን ፈጸምሁ፤ ሦስተኛውን ግን ያን ዕለት ማታ አፈረስሁ።

የእትዬን ነገር በቅጡ ለማስረዳት ከሱቃቸው መጀመር አለብኝ። ከገበያው አጠገብ ያለች፣ ሁለት ሰው ቢገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዘይት፣ ሳሙና ይሸጡባታል። እትዬ ፊደል አልቈጠሩም፤ የዱቤ መዝገብም አልነበራቸውም። የእገሌ መምህር የወር ዕዳ፣ የእገሊት ልጆች የወሰዱት ብስኩት፣ ከቶጎጫሌ ዕቃ የሚያመጣላቸው ነጋዴ የቀረው ሒሳብ፣ ሁሉም በራሳቸው ውስጥ ተጽፎ ይቀመጣል። ከአማራው ጋር በአማርኛ፣ ከሶማሌው ጋር በሶማልኛ፣ ከባቢሌ በኩል ከሚመጡት ጋር በኦሮምኛ ሲከራከሩ አንዱን ቋንቋ ከሌላው ጋር ሲያደባልቁ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብዳቤና የግብር ወረቀት አነብላቸው ነበርና “ጸሓፊዬ” ይሉኝ ነበር። በእውነቱ ግን ጸሓፊም መዝገብም እርሳቸው ነበሩ፤ እኔ የማነበውን እርሳቸው ቀድመው ያውቁታል።

የነገሩን መጀመሪያ የነገሩን ጎረቤታችን ሶማሊት እናት ናቸው። እኔ ኤዶ እላቸዋለሁ፤ እርሳቸውና እትዬ ደግሞ እኅትማማች እንደ ሆኑ ሁሉ አባዮ ይባባላሉ። ለረመዳን በዱቤ የወሰዱትን የሩዝና የቴምር ሒሳብ ሊከፍሉ ቢመጡ እትዬ “ምንም ዕዳ የለብሽም” ብለው መለሷቸው። ኤዶ ቀልድ መስሏቸው ገንዘቡን ከሚዛኑ ሥር አስቀምጠው ሄዱ። በሁለተኛው ቀን እትዬ ልጅ ልከው ያንኑ ዕዳ ጠየቋቸው። ኤዶ አልተከራከሩም፤ ሁለተኛ ከፈሉ። ማታ ወደ እኔ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ልጄ፣ ገንዘቡ ግድ የለም። አባዮ ግን ደኅና አይደለችም፤ እወቅ” አሉኝ። ልናገር የሚገባኝን እውነት ልናገርና፣ በዚያች ሌሊት የተቈጣሁት በበሽታው ሳይሆን በኤዶ ላይ ነው። የነገሩን ሰው መቈጣት ከነገሩ ይልቅ ይቀላል።

በአማርኛችን እንዲህ ያለውን ሰው “ጃጀ” ብለን እናልፈዋለን። ሶማሌዎቹም “አሳሳቅ” የሚል ቃል አላቸው። ሁለቱም ቃላት ነገሩን ከዕድሜ ይቈጥሩታል፤ ለዕድሜ ደግሞ ሐኪም ቤት የሚሄድ የለም። ሐኪሞቹ የሚሉት ግን ሌላ ነው። የመርሳት በሽታ የአንጎል በሽታ ነው እንጂ ያረጀ ሁሉ የሚደርስበት ዕጣ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 ይህ በሽታ ያለበት ሕዝብ በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ ከመቶውም ከ60 የሚበልጠው እንደኛ ባሉ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑ አገሮች የሚኖር ነው። ዐይነቱም ብዙ ነው፤ ከሁሉ የሚበዛው አልዛይመር የሚባለው ነው። ደግሞ በሽታውን የሚመስሉ፣ ነገር ግን የሚታከሙ አሉ፤ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ 12 ማነስ፣ የከረመ ኀዘን፣ የጆሮ አለመስማት፣ የመድኀኒት መደባለቅ። ሪፈር የሚጻፈውም ይህንና ያንን ለመለየት ነው። እኛም ብንሆን አስቀድመን ሰንብተን የመጣነው ከጠበል ነው፤ ስለ እርሱ የምለው ክፉ ነገር የለኝም፤ እትዬ እዚያ ሳሉ እንቅልፋቸው ጥሩ ነበር።

“መቼ ጀመራቸው?” የሚለው የሐኪሙ ጥያቄ ቤተ ሰቡን ለሁለት ከፈለው። አዲስ አበባ የምትኖረው እኅቴ በስልክ፣ “ይህ ምን ይጠየቃል፤ ከሐምሌ 2010 ነው” አለች። በዚያ ወር መጨረሻ በከተማችን ሁከት ተነሥቶ ብዙ ሱቅ ተዘርፏል፣ ተቃጥሏል፤ የእትዬም ሱቅ ከተዘረፉት አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ሱቁን በትንሽ በትንሹ መልሰው ቢከፍቱትም ሣቃቸው አልተመለሰም። የእኅቴ አሳብ እውነት ይሆን ዘንድ ምን ያህል እንደ ተመኘሁ እግዚአብሔር ያውቃል። ነገሩ ኀዘን ብቻ ከሆነ ድባቴ መድኀኒት አለው፤ ሰው ከኀዘኑ ሲነሣ አሳቡም አብሮ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ዳሩ ግን ደብተሩን ከፍቼ ቀን ስጽፍ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ፋሲካ ጨዉን ከስኳሩ ጆንያ ውስጥ ገልብጠው፣ እኔም ማንም ሳያይ በሌሊት እንደ ጣልሁት ትዝ አለኝ። ለማንም አልተናገርሁም ነበር። በደብተሩም የመጀመሪያው መስመር ይኸው ሆነ፤ ለእኅቴ ደውዬ ባነበብሁላት ጊዜ ብዙ ዝም ብላ ስልኩን ዘጋችው።

አሁን ወደ አፈረስሁት ትእዛዝ ልመለስ። የምርመራውን ጥያቄዎች ከስልኬ ላይ ፈልጌ አገኘኋቸው። በብዙ አገር የሚሠራበት፣ እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካውያን ሐኪሞች ያወጡት ከሠላሳ ነጥብ የሚታረም ፈተና አለ። ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው? ወቅቱ ምንድር ነው? ያለንበት ክፍለ ሀገር ማን ይባላል? ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይቍጠሩ። ይህን አንብቡና ያዘዛችሁን አድርጉ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። እኔ የስምንተኛ ክፍል ፈተና በተፈተንሁበት ዓመት መብራት ሲጠፋ ፋኖስ ይዘው እስከ እኩለ ሌሊት ከጎኔ የሚቀመጡት እትዬ ነበሩ፤ እነሆ ተራው የእኔ ነው አልሁና ማታ ማታ አስጠናቸው ጀመር።

ሳስጠናቸው ግን ፈተናው ራሱ ግራ አጋባኝ። “ወቅቱ ምንድር ነው?” ብላቸው “ካራን ነዋ!” አሉ። ስሕተት ነው ብዬ ልጽፍ ስል ቆም አልሁ። በጅግጅጋ አካባቢ ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚዘንበውን ዝናም ሶማሌው ካራን ይለዋል፤ ደንበኞቻቸው እህል የሚዘሩትና ዕዳ የሚከፍሉት በዚህ እንጂ በእኛ ክረምት አይደለም። “ወሩስ?” ብላቸው በገበያው የሚሠራበትን የሂጅራውን ወር ጠሩ። “የምንኖርበት ክፍለ ሀገርስ?” ብላቸው፣ “ሐረርጌ” አሉኝ። እርሳቸው ከአንድ ቤት ሳይነቃነቁ አገሩ ጠቅላይ ግዛት ተባለ፤ ክፍለ ሀገር ተባለ፤ ክልል አምስት ተባለ፤ ሶማሌ ክልል ተባለ። የረሳው ማን እንደ ሆነ ለመፍረድ የሚያስቸግር ነገር ነው። ሰዓት ስለው አስራ አንድ ከዐሥር አድርግበት የሚል ፈተናም አለ፤ እንደኛ አቈጣጠር አምስት ሰዓት ከዐሥር መሆኑ ነው። እትዬ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀኑን የለኩት በመስጊዱ አዛንና በቤተ ክርስቲያኑ ደወል ነው።

ከመቶ ሰባት ሰባት ቀንሱ ስላቸው ዝም አሉ። “እትዬ፣ መቶ ብር ሰጥቼዎት የሰባት ብር ዕቃ ብወስድ?” ብላቸው ወዲያው “ዘጠና ሦስት” አሉ። “ደግሞ የሰባት ብር?” “ሰማንያ ስድስት።” “ደግሞስ?” “ሰባ ዘጠኝ። ምነው የሰባት ብር ዕቃ ብቻ ትገዛለህ፤ ደኸየህ እንዴ?” አሉኝ። እጅግ ሣቅን። በአራተኛው ግን እጃቸው በአየር ላይ ቀረ፤ መልሱን ከመደርደሪያው ላይ እንደሚፈልግ ሰው ግድግዳውን ያዩ ጀመር።

ሳነብ እንደ ተረዳሁት ይህ ዐይነት ፈተና ያልተማረውን ሰው እንደሚበድል ሐኪሞቹም አውቀውታል። እ.ኤ.አ. በ2004 አውስትራልያ ውስጥ የታተመ፣ ማንበብና መጻፍ የማይጠይቅ፣ ለልዩ ልዩ ሕዝብ የሚሆን ሌላ ፈተና አለ። በዚያ ፈተና ሰውየው ሱቅ እንደሚሄድ ተደርጎ አራት ዕቃ እንዲያስታውስ ይጠየቃል፤ ሻይ፣ የምግብ ዘይት፣ እንቍላልና ሳሙና። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሣቅሁ፤ ከእንቍላሉ በቀር የእትዬ መደርደሪያ ነው። እነዚህንም አስጠናኋቸው። በአምስተኛው ማታ አራቱን ሳያዛንፉ መለሱ፤ እኔም እንደ አስተማሪ ኰራሁ። ጧት ስጠይቃቸው ግን አራቱን ዕቃ ብቻ ሳይሆን መጠናታችንንም አያስታውሱም ነበር።

በስምንተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ጥያቄውን ገና ሳልጨርስ እጄን ያዙና፣ “አንተ ልጅ፣ እኔ ብወድቅ የሚያፍረው ማን ነው?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የማሳፍርበትንም የማፍርበትንም ሰው ከፊቴ አድርጌ ስምንት ሌሊት መቀመጤን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ሐኪሙ የከለከለኝ ለምን እንደ ሆነም ገባኝ፤ የታመመውን ሰው ትኵሳት አብርዶ ሐኪም ፊት የሚያቀርብ ዘመድ ምን ይባላል? ጥናቱን ተውሁት። ለመጻፍ ብቻ ተቀመጥሁ።

መጻፉም ቢሆን ቀላል አልሆነልኝም። አንድ ማታ ከመብራቱ ሥር ደብተሬን ዘርግቼ ስጽፍ እትዬ ከመኝታቸው ተነሥተው መጡ። ጥቂት ዐዩኝና ነጠላቸውን አስተካክለው እጅ ነሡኝ። “ይቀመጡ ጌታዬ” አሉኝ። “ግብሩን ከፍያለሁ፤ ደረሰኙ በሣጥኑ ውስጥ አለ። ልጁ ሲመጣ ያነብልዎታል።” እድሜ ልካቸውን አንተ ያሉኝ ሰው አንቱ ሲሉኝ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። በሥራዬ ብዙ ባለጉዳይ እጅ ይነሣኛል፤ እንደዚያ ያለ እጅ መንሣት ግን አላጋጠመኝም። ልጁ እኔ መሆኔን ልነግራቸው አፌን ከፈትሁና ተውሁት፤ ምክንያቱም ፊታቸው ላይ ፍርሃት ነበረ። “ግብሩ ተከፍሏል፤ በሰላም ይተኙ” አልኋቸው። አመስግነውኝ ገቡ። ይህንንም ጻፍሁ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተናገሩትን ቃል። የጻፍሁት በመሥሪያ ቤት አማርኛ ስለ ነበር ክስ ይመስላል።

በነዚያ ቀናት ነው አልዛይመር የሚለው ስም የማን እንደ ሆነ ያነበብሁት። አሎይስ አልዛይመር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1901 በፍራንክፈርት ከተማ አንዲት የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት፣ አውጉስተ ዴተር የምትባል፣ ትመጣለታለች። ሐኪሙ የጠየቃትንና የመለሰችውን ቃል በቃል ይጽፋል። ምሳዋን አበባ ጎመንና የዐሣማ ሥጋ ስትበላ የምትበላውን ቢጠይቃት ስፒናች ነው አለችው፤ ይህንንም ጽፏል። ሴቲቱ እ.ኤ.አ. በ1906 ሞተች፤ እርሱም አንጎሏን መርምሮ በዚያው ዓመት ለሐኪሞች ጉባኤ አስረዳ። ፋይሏ ግን ጠፍቶ ቈይቶ እ.ኤ.አ. በ1995 እዚያው ፍራንክፈርት ተገኘ። የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና ይህ ነገር ልቤን ነካው። ዘጠና ዓመት ያህል ካርቶን ውስጥ ተኝቶ የተገኘው ወረቀት የበሽታ ስም ብቻ አይደለም፤ አንዲት ሴት በአንድ ቀን ምሳዋን ምን እንደ በላች ጭምር ነው። ከዚያ በኋላ እኔም አጻጻፌን ለወጥሁ። በአንዱ ገጽ የጐደለውን፣ በፊት ለፊቱ ገጽ ያለውን መጻፍ ጀመርሁ። በስተግራ፦ ወጡን ሁለት ጊዜ ጨው ጨመሩበት፤ ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ጠፍቷቸው የኤዶ ልጅ አመጣቸው። በስተቀኝ፦ ቡናውን ሳይሳሳቱ ያፈላሉ፤ ሶማልኛቸው እንደ ነበረ ነው፤ የኤዶን የልጅ ልጆች አንድ በአንድ በስም ይጠራሉ፤ ጾም አያፈርሱም።

መድኀኒቱን ስሰበስብ ዘጠኝ ዐይነት አገኘሁ፤ ከትራሱ ሥር፣ ከሣጥኑ፣ ከስኒ መደርደሪያው። የደም ግፊቱ ይታወቃል። ከቀሩት ውስጥ ለእንቅልፍ የተሰጣቸው አሚትሪፕቲሊንና ለጕንፋን የተገዛ ክሎርፌኒራሚን ነበሩበት። እንዲህ ያሉት መድኀኒቶች በሽማግሌ ሰው ላይ ማስታወስን እንደሚያደናግሩ የነገረኝ ያው ወጣት ሐኪም ነው፤ ወረቀቱን ለማሳየት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ክሎርፌኒራሚኑን የገዛሁላቸው እኔ ነኝ። ይህም በደብተሩ ገባ።

ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው እትዬ አሳባቸው ጥርት ብሎ ዋለ። ከጎኔ ተቀምጠው “ምን ትጽፋለህ?” አሉኝ። “ለሐኪሙ ስለ እርስዎ ነው” አልኋቸው። ተቈጡ ብዬ ስፈራ፣ “እንግዲያስ ይህንንም ጻፍ” አሉኝና ነገሩን። መስከረም 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ በሶማሊያ ጦር በተያዘች ጊዜ ትንሿን እኅታቸውን፣ ማለት እናቴን፣ ይዘው በሌሊት በማርዳ በኩል ወደ ሐረር በእግራቸው ሸሹ። የሱቁን ቍልፍ ለኤዶ እናት ሰጥተው ነበር። የካቲት ላይ ካራማራ ተለቅቆ ከተማዋ ከተመለሰች በኋላ ሲመጡ ሴትየዋ ቍልፉን መለሱላቸው፤ ከዕቃውም የጐደለው የተሸጠው ብቻ ነበር፤ የተሸጠበትም ገንዘብ በመሐረብ ተቋጥሮ ተቀምጦ ነበር። “ለዚህ ነገር ዋጋ ሳልከፍላት ሞተች። ዕዳ አለብኝ ብለህ ጻፍ” አሉኝ። ኤዶን ሄጄ ብጠይቃቸው እውነት ነው፤ መሐረቡ ቀይ እንደ ነበር ጭምር ነገሩኝ። በየትኛው ገጽ እንደምጽፈው ብዙ አሰብሁ፤ በስተቀኝ ጻፍሁት።

ድሮ ቢሆን መንገዱ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል መድረስ ነበር፤ የሆስፒታሉም ስም በሰው አፍ ስድብ ስለ ሆነ ብዙ ቤተ ሰብ በሽተኛውን ደብቆ ያስቀምጥ ነበር። በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ልዩ ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ሐኪሞቹ በዝተው፣ ዛሬ ሐረር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄዱ ይገኛሉ። በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርን። ኤዶ ሊሸኙን መጥተው የተጠቀለለ ላሆህ ሰጡን። እትዬ ቦርሳቸውን አልለቅም አሉ፤ በኋላ ስመለከት በውስጡ የሱቁ ቍልፍ ነበር። የካራማራን ዳገት ስንወጣ በመስኮቱ እያዩ፣ “ልጅቷ እንቅልፍ ወስዷታል?” ብለው ቀስ ብለው ጠየቁኝ። “ተኝታለች” አልሁ። “እንግዲህ ማርዳን ካለፍን አይደርሱብንም” አሉና ተረጋጉ። እስከ ባቢሌ ድረስ አልተናገሩም።

ሐረር ተራችን እስኪደርስ ከቀትር በኋላ ሆነ። ሐኪሟ ሴት ነበረች፤ ደብተሩንም ከረጢቱንም ተቀብላ ከጠረጴዛው ዳር አስቀመጠችና አስቀድማ ወደ እትዬ ዞረች። ስማቸውን ጠየቀች፤ በትክክል ነገሯት። ከወዴት እንደ መጡ ጠየቀች፤ “ከጅግጅጋ” አሉ። ከዚያ ወደ እኔ አመልክታ፣ “እማማ፣ ይህ ከርስዎ ጋር የመጣው ማን ነው?” አለቻቸው።

ስሜ በአፌ መጣ፤ ከንፈሬን ነከስሁ። እትዬ ብዙ ጊዜ ተመለከቱኝ። ነጠላቸውን ሊያስተካክሉ እጃቸውን ሲያነሡ ባየሁ ጊዜ ልቤ መታ።

“ጸሓፊዬ ነው” አሉ።

ሐኪሟ በወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈች፤ ትክክል ትበል ስሕተት ከተቀመጥሁበት ሆኖ አልታየኝም።